ቡልቡላ ሳይደርስ የቀረው ወንበር

ባለፈው ወር ትንሿ ልጄ ቤዛ ለአዲሱ ቤቷ ዕቃ እንምረጥ ብላ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ፎቅ፣ ሦስተኛው ወለል ላይ ወዳለ የቤት ዕቃ መደብር ይዛኝ ወጣች። እኔ እንኳ ወንበር የማማርጥበት ዕድሜ አልፎኛል፤ ያገኘሁት ላይ አረፍ ብል ይበቃኛል። የዛሬ ልጆች ግን እናታቸውን አብረው ካላደከሙ ዕቃ የገዙ አይመስላቸውም። ሶፋውን እየተጫንን፣ ጠረጴዛውን እያንኳኳን ስንዞር አንድ ጥግ ላይ አፍንጫዬ ከእግሬ ቀድሞ ቆመ። የቆዳ ሽታ ነው፤ ያውም የአዲስ ቆዳ ሳይሆን ብዙ ሰው የተቀመጠበት፣ ብዙ ፀሐይ ያየ ወፍራም ቆዳ። ቀና ስል ክብ ሆነው የተላጉ አራት ነጣ ያሉ የእንጨት እግሮች፣ በመካከላቸው የተወጠረ ቡናማ መቀመጫ፣ ለክንድ ማሳረፊያ ደግሞ ሁለት ሰፋፊ ጠፍሮች። የአባዬ ወንበር!

የእሱ አለመሆኑንማ አውቃለሁ፤ የእሱን መጨረሻ ያየሁት እኔው ነኝ። ሻጯ፣ ጥፍሯን ያሳደገች ቆንጆ ልጅ፣ ፈጠን ብላ መጥታ፣ «ማዘር፣ ቪንቴጅ ነው፤ ኦሪጅናል የስካንዲኔቪያን ሳፋሪ ቼር» አለችኝ። ቪንቴጅ ማለት አሮጌ ማለት እንደሆነ፣ አሮጌ ከተባለ ግን ማንም እንደማይገዛው ቤዛ በጆሮዬ አስረዳችኝ። እጄን ዘርግቼ መደገፊያውን ገፋ ሳደርገው ወንበሩ ሁለመናው ተወዛወዘ። ልጅቷ ተበላሽቷል ብዬ ጥዬ የምሄድ መሰላት። «ኖ፣ ኖ፣ ማዘር፣ አይስጉ! ዲዛይኑ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ራሱ ይጠብቃል» አለች። «አውቃለሁ የኔ ልጅ» አልኳትና እዚያው ሰው ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ወንበር አይቶ የሚያለቅስ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም ነበር።

አባዬ ሹፌር ነበር። ስሙ ተስፋዬ ነው፤ ወሎ ሰፈር የሚያውቀው ግን ጋሽ ተስፋዬ ባለወንበሩ ብሎ ነው። ገጠር ለገጠር እየዞረ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የአንድ ስዊድናዊ ኢንጂነር ላንድሮቨር ይነዳ ነበር፤ እኔ ገና ዳዴ ስል ያ መኪና ዳገት ላይ ተገለበጠና የአባዬ ግራ ዳሌ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ በኋላ መሬት መቀመጥ የለ፣ ዱካ የለ፣ አግዳሚ የለ፤ ጥርሱን ሳይነክስ ማረፍ የሚችለው ኢንጂነሩ ለመስክ ሥራ ከአገሩ ባመጣው በዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ብቻ ነበር። መደገፊያው ሰው ሲደገፍበት ከጀርባ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ቆዳው ሰውነትን ተቀብሎ ይሰምጣል። ፈረንጁ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ፤ ወጥ ቤቱ ፍሪጅ ወሰደ፣ ዘበኛው አልጋ ከነፍራሹ። አባዬ «አንተስ?» ሲባል ወንበሩን አለ።

እማዬ ያን ቀን ያለችውን እስክትሞት ድረስ ስትደጋግመው ኖራለች። አባዬ በቆዳ የተጠቀለለ የእንጨት እስር በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በሌላው እጁ ከዘራውን ይዞ ሲገባ አየችውና፣ «የሰው ባል ፍሪጅ አስጭኖ ይመጣል፤ የኔው ጉድ ማገዶ ታቅፎ መጣ!» አለች። እሱ ጥቅሉን ፈታ። አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ እየሰካ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጠፍር በዘለበቱ ሳብ አድርጎ እያጠበቀ፣ ያለ አንዲት ምስማር፣ ያለ መዶሻ ወንበሩን አቆመው። እማዬ በጣቷ ነካ ብታደርገው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። «እሰይ! ደግሞ ሰካራም ጨመርክልኝ» አለች። አባዬ ተቀመጠበት፤ ወንበሩም ቀጥ አለ። ለፀጉሯ ያስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ከዚያ ወዲህ መጉደል ሲጀምር መጀመሪያ ድመቷን ነበር የጠረጠረችው፤ በኋላ አባዬ የወንበሩን ቆዳ በቅቤ ሲያሽ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። «የኔ ጭንቅላት ደርቆ ወንበር ይወዛል!» ብላ የጮኸችውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ስንት ዘመን ሲስቅብን ኖረ።

ያ ወንበር አባዬን ለሰው መለሰው። ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቤት ውስጥ እንደታሰረ ከርሞ ነበር፤ እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የማይደርስ ሰው በቁሙ የተረሳ ነው። ወንበሩ ከመጣ ወዲህ ግን ጥቅሉን በትከሻው፣ ከዘራውን በእጁ ይዞ ማንንም ሳያስቸግር ይወጣል። ድንኳኑ በር አጠገብ ወንበሩን ይገጥማል፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፣ ሲመሽ ነቅሎ፣ ጠቅልሎ ይመለሳል። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ እሱ ብቻ ከፍ ብሎ መታየቱ ያሳፍረውና ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ እነሱም «ኧረ ጋሽ ተስፋዬ፣ ምን ነካዎት፣ ይዘውት ይግቡ!» ይሉታል። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩ፣ «ወንበር ይዞ ለመጣ ሌላ ወንበር አልሰጥም» እያለ ይቀልድበታል። እየቆየ ያ ወንበር በሩ ላይ ካልታየ ለቅሶው የሞላ የማይመስል ሆነ።

እሑድ እሑድ ደግሞ እኔና እሱ ቡልቡላ ነን። ያኔ ቡልቡላ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ ያለ የገበሬ አገር ነበር፤ ጤፍ፣ ሽንብራ፣ በክረምት ጉልበት የሚውጥ ጭቃ። እዚያ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። አባዬ ጤነኛ ሳለ ሚስታቸው እማማ ድንቂቱ ምጥ ጠንቶባቸው ሰው በቃሬዛ ይዟቸው ሲሮጥ መንገድ ላይ አግኝቶ፣ በላንድሮቨሩ ጭኖ ሐኪም ቤት አድርሷቸዋል፤ ወዳጅነቱ ከዚያ የጀመረ ነው። የማሳው ዳር ላይ አባዬ ወንበሩን ይተክላል፣ ኦቦ ገመቹ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ በመካከላቸው ሣሩ ላይ። የታረሰ መሬት ላይ እንኳ አራቱ እግሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ አግኝተው ልክክ ይሉ ነበርና ኦቦ ገመቹ፣ «ይሄ ወንበር አስተዋይ ነው፤ መሬቱን ጠይቆ ነው የሚቆመው» ይላሉ። አውሮፕላን በአናታችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬያቸውን ያቋርጡና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እማማ ድንቂቱ የተቆላ ሽንብራ ቀሚሴ ላይ ይዘረግፉልኛል። ሁለቱ ምን ያወሩ እንደነበር አላስታውስም፤ አባዬ እንደዚያ ከልቡ ሲስቅ ግን ሌላ የትም አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ እኔ ወሬ አላረዝምም እያልኩ የማረዝም ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ገርጂ አንድ ለቅሶ አብሬው ሄድኩና፣ ዘለበቱን እኔ ካልቆለፍኩ ብዬ አስቸገርኩት፤ ቆለፍኩ፤ ደህና አድርጌ ግን አላጠበቅኩትም። አባዬ ሲቀመጥ አንዱ እግር ሾልኮ ወጣና በድንኳኑ ሙሉ ሰው ፊት ዘፍ ብሎ ወደቀ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ታውቃላችሁ፤ ሴቱ ነጠላውን አፉ ላይ ይይዛል፣ ወንዱ ያስላል። አባዬ ራሱ ስቆ ተነሳ። እኔ አልሳቅኩም፤ የኔን ጥፋት ለወንበሩ ሰጠሁትና ጥርሴን ነከስኩበት።

ከዚያ አባዬ ለዳሌው ምርመራ ሐኪም ቤት የተኛ ሳምንት፣ እማዬን አሳምኜ ወንበሩን ወደ ጋሽ ሰይድ ወሰድነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ ገልብጠው አዩት፣ ነቀነቁት፣ አዘኑለት። «ወይ ፈረንጅ! ይህን ሁሉ አሳምሮ ሠርቶ ምስማሩን ረሳው?» መገጣጠሚያውን ሁሉ ኮላ አጠጡት፣ በላዩ ምስማር መቱበት፣ ከዚያ ራሳቸው ተቀምጠው ግራ ቀኝ ተወዛወዙበትና፣ «አሁን ወላሂ ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልተነቃነቀም። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አባዬ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ እጁን ይዤ አስገባሁት። ወንበሩን በከዘራው ጫፍ ገፋ አደረገው። ጎንበስ ብሎ የምስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። ወንበሩ ልቅ የሆነው ተበላሽቶ እንዳልሆነ ኢንጂነሩ ነግሮት ኖሯል፤ ይህን እማዬ ያወራችልኝ ከሞተ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ «እጅሽ ይባረክ» ብቻ አለኝ። ከእንግዲህ እንደማይፈታ፣ እንደማይጠቀለል የገባኝ ያኔ ነው፤ ደንግጬ፣ «እኔ እሸከምልሃለሁ አባዬ፣ ሁልጊዜ!» አልኩት። «አንቺማ ትከሻዬ ነሽ» አለኝና ፀጉሬን አሻሸኝ።

ሦስት ዓመት ከምናምን ተሸከምኩ። ወንበሩን ገልብጬ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆመው፣ እሱ በከዘራው ከኋላዬ ቀስ እያለ፣ ሲደክመው አወርድለትና መንገዱ ዳር ያርፋል። ቡልቡላ ስንደርስ ወንበሩ ማሳው ላይ በሦስት እግሩ ብቻ ይቆም ጀመር፤ ኦቦ ገመቹ ከአንዱ እግር ሥር ጓል እየከተቱ፣ «ምን ነካው? ኮራ እንዴ?» ይሉ ነበር። አባዬ ይስቃል። በሥራዬ ከመኩራቴ የተነሣ እኔም እስቃለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጡት ማጎጥጎጥ፣ ፀጉር መተኮስ፣ መስተዋት ፊት መዋል መጣ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ የሚቆሙ የትምህርት ቤታችን ጎረምሶችም መጡ። «ዙፋን ተሸካሚዋ! ጃንሆይ የት ይሄዳሉ?» ይሉኛል። ከመካከላቸው አንዱ አይስቅብኝም ነበር፤ ዝም ብሎ ያየኛል፤ የሱ ይብስብኛል። አሁን ስሙን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም። አባቴ ስሙን ለማላስታውሰው ልጅ ተሽጦ ነው የቀረው።

ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ እማማ ድንቂቱ አረፉ የሚል መርዶ መጣ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ገና ሳይነጋጋ ሄደች፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ አባዬና እኔ አርፍደን ልንከተል ነው። አባዬ ጢሙን ተላጨ፣ ጥቁር ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ራሱ ወለወለ። እግሩ ያን ቀን ደህና ነበር፤ እንዲያውም ከወትሮው ደህና ነበር። እኔ ግን ልቤ ያለው ፌርማታው ላይ ነው፤ ቅዳሜ ነዋ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። «አባዬ፣ ደብተር ልመልስና አሁን መጣሁ» አልኩት። «ቶሎ በይ፣ እንዳንዘገይ» አለኝ።

አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ጓደኛዬ ቤት ጓሮ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ትንሽ ልቆይና ጎረምሶቹ ሲበተኑ እሄዳለሁ አልኩ። አራት ሰዓት ሆነ። ዝናብ ጀመረ፤ በዝናብማ አይሄድም አልኩ። ዝናቡ አባራ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሲሆን ከእንግዲህማ ምን ያደርጋል አልኩ። የሰፈሩን ልጅ ጠርቶ ተሸከምልኝ ማለት አያቅተውም ነበር፤ ግን እኔ መጣሁ ብዬዋለሁ፣ እሱም አምኖኛል። ያ ወንበር ምስማር ባይመታበት ኖሮ ደግሞ የማንንም ልጅ ሳይጠብቅ ጥቅሉን በትከሻው አድርጎ በሄደ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባሁ። ኮቱን እንደለበሰ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። «ምሳ አልበላሽም አይደል? ሌማቱ ውስጥ አለልሽ» አለኝ። ምነው በመታኝ! ምነው በሰደበኝ!

እማዬ ማታ ስትመለስ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። «ሬሳው ሲወጣ ኦቦ ገመቹ ሦስቴ፣ ሦስቴ ነው “ተስፋዬስ?” ያሉኝ! ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አባዬ ወደኔ ሳያይ፣ «እግሬ እምቢ አለኝ» አላት። ጠዋት በእግሩ ቆሞ፣ ደህና ሳለ ትታው የሄደችው እሷ ናት፤ አላመነችውም፤ ግን ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም። ኦቦ ገመቹም አላመኑም። በዚያን ዕለት አባዬ ኮቱን ለብሶ ደጁ ላይ ብቅ ሲል ያየ ሰው ነገራቸው። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ምክንያት ይዞ መሄድ አለበት፤ የአባዬ ምክንያት እኔ ነበርኩ፣ እኔን ደግሞ ለማንም አሳልፎ አልሰጠኝም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «ነይ ተሸከሚልኝ» አላለኝም። የሰው ሞት ሲሰማ እማዬን፣ «በኔም በኩል ድረሺልኝ» ይላታል። ስምንት ዓመት እንደዚያ ኖረ፤ ዓለሙ ከወንበሩ እስከ በሩ ሆነ።

ሲሞት ድንኳኑ ከግማሹ በላይ ባዶ ነበር። ዕድሩ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ጋሽ ሰይድም ከልጆቻቸው ጋር ሦስቱንም ቀን ዋሉ፤ ድሮ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ ጥቅሉን ይዞ የደረሰላቸው ሰዎች ግን አልነበሩም። ስምንት ዓመት የቀረባቸውን ሰው ምን ብለው ይምጡለት? በሠልስቱ ኦቦ ገመቹ መጡ። ሸብተዋል። አልተቀመጡም፣ እህል አልቀመሱም፤ ድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ምን ብበድለው ነው የቀረብኝ?» አሉኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልጅ ነበርኩ አልልም። ደግሜ ዋሸሁ። «እግሩን አሞት ነው፣ ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ግን አልረሳሁም። ወንበሩ ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ ቆርቆሮ ከሚነቅሉት ሰዎች እጅ ገብቶ ተሰባበረ፤ የጋሽ ሰይድ ምስማር ግን እንደያዘ ነበር። እማዬም ሞተች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሜ የምደርስ ሴት ተባልኩ። የምሮጥበትን ምክንያት የሚያውቅ የለም።

ከመደብሩ በወጣን በሳምንቱ ለቤዛ ሳልነግራት ታክሲ ይዤ ቡልቡላ ወረድኩ። ማሳው የነበረበትን ልለየው አልቻልኩም፤ ፎቅ በፎቅ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የሞባይል ካርድ ሱቅ፣ ባጃጅ። አንዱን ሽማግሌ ሌላውን ሽማግሌ እየጠየቅኩ በመጨረሻ የኦቦ ገመቹን ልጅ ደረጄን አገኘሁት፤ በአባቱ መሬት ላይ የተሠራ ብሎክ ጥበቃ ሆኗል። ጢሙ ሁሉ ነጭ። ያ እናቱን በምጥ ያስጨነቀው ልጅ እሱ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ቆሜ ላውራ አልኩት።

«አባትህ በአባቴ እንደተቀየሙ ነው የሞቱት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አልተቀየመም» አለኝ። «ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱን አስጠራ። አንድ ወዳጄን በድያለሁ፣ በምን እንደበደልኩት ግን አላውቅም፤ ያላወቅኩትን ኃጢአት ይፍቱኝ አለ። ቄሱም ፈቱት።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅዳሜዋን፣ ፌርማታውን፣ የጓደኛዬን ጓሮ፣ በድንኳኑ ውስጥ የዋሸሁትን። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እስኪያለቅስ ጠበቅኩ፣ እስኪሰድበኝ ጠበቅኩ። መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ሄዶ በሩን ከፈተ፣ አሳለፈ፣ ዘግቶ ተመለሰ።

«አንቺን ምን እልሻለሁ፣ ልጅ ነበርሽ» አለኝ። «ግን ምነው ለአባቴ በነገርሽው ኖሮ። በዚያው ሳምንት እንኳ ብትነግሪው፣ ወንበሩን ራሱ መጥቶ ይሸከምለት ነበር።»